መርዶ የሌለበት ቅዳሜ

እትዬ አሰፋሽ ካረፉ አራት ወር ሞላቸው። ባለፈው ሳምንት ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው በሊቶኒያ በኩል ሳልፍ ሳላስበው ወደ ሰፈራቸው ታጠፍኩ። ቤቱ ተሸጧል። አዲሶቹ ሰዎች በረንዳው ላይ የብረት ወንበር ደርድረዋል፤ እሳቸው ጤና አዳም የተከሉበትን በርሜል አንስተውታል። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ትንሽ አለቀስኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

እንዲህ ቆንጥሮ ማልቀስ የተማርኩት እዚህ አገር ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም። አባቴ ሲያርፍ አትላንታ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ወደ አውሮፕላናቸው ሳደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በአንድ እጄ እየገፋሁ በሌላው ከፈትኩት። የአባቴ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል። የለጠፈው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ቀድሞ የተነገረኝ መስሎታል። ሴትዮዋ በረራው እንዳያመልጣቸው ብዬ መግፋቴን አላቆምኩም። በሩ ላይ አድርሼ፣ ሻንጣቸውን አቀብዬ፣ መልካም ጉዞ ተመኝቼላቸው፣ የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ገባሁና የሥራ ጃኬቴን ነክሼ አለቀስኩ። የነበረኝ እረፍት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

በሦስተኛው ቀን የማላውቃቸው ሴትዮ ብሩክሄቨን የነበረውን የአፓርትመንቴን በር አንኳኩ። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ የሆቴል ላውንደሪ ዩኒፎርም የለበሱ ናቸው። ስማቸው አሰፋሽ እንደሆነና ስለ አባቴ አብራኝ ከምትሠራ ልጅ እንደሰሙ ነገሩኝ። ቀጥለው መርዶውን ማን እንደነገረኝ ጠየቁ።

«ስልኬ ነው የነገረኝ» አልኳቸው።

ገባ ብለው በሩን ዘጉ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀመጡኝና የአባቴን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሁለቱንም እጄን ያዙ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ፣ ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አባትሽ አቶ ለገሰ አርፈዋል» አሉኝ። እንደ ሰው የጮህኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ አሰፋሽ ለመርዶ በሚሄዱበት ሁሉ ሾፌራቸው እኔ ሆንኩ። እሳቸው መኪና አይነዱም ነበር። የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሥራ ሊገባ ለተዘጋጀ ሰው አይነገርም። ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው ቁርሱን በልቶ መድኃኒቱን ሳይውጥ አይነገርም። ብቻውን የሚኖር ሰው ከሆነ ደግሞ የሚያድርለት ሰው ሳይገኝ በሩ አይንኳኳም። ከመኪና ስንወርድ ሁልጊዜ ፊቴን ያዩና «ከንፈርሽን አትንከሽ፣ ከደጅ ያውቁብናል» ይሉኛል።

ካቻምና ነው፤ አንድ የስደተኞች መርጃ ቢሮ ከሱዳኑ ጦርነት ሸሽተው ለሚመጡ ሰዎች ቋንቋቸውን የሚችል ጎብኚ ፈለገ። እትዬ አሰፋሽ፣ ጋሽ ዘገዬና እኔ ተመዘገብን። ጋሽ ዘገዬ የታክሲ ሥራቸውን ትተው ጡረታ የወጡ፣ የሰው ሁሉ ስልክ ቁጥር የሚገኝባቸው ሰው ናቸው፤ አንድ ወሬ ከአገር ቤት ከመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው። ቢሮው ለሦስት ሳምንት አሠለጠነን። አሠልጣኛችን ሚካኤላ የምትባል እዚሁ የተወለደች የሶሻል ወርክ ባለሙያ ነበረች። የምትለው ሁሉ ደህና ነገር ነበር፤ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ አዳምጡ፣ ያላነሡትን አታስነሡ፣ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ። እትዬ አሰፋሽ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ይሰማሉ።

«እትዬ፣ ላይክ፣ ሌላው ሁሉ ኦኬ ነው። ፕሮሚስ ብቻ እንዳታደርጊ» አለቻቸው ሚካኤላ በመጨረሻው ቀን።

እትዬ አሰፋሽ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «እንዳታደርጊ ትለኛለች፤ እኩያዋ ነኝ» አሉ። ሚካኤላም ሰምታ አብራን ሳቀች።

የመጀመሪያዋ የተሰጠችን ሰው ርብቃ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳን ትንሽ ያለፈ፣ ካርቱም ስምንት ዓመት የኖረች። ባሏ ሀብቶም በውኃ የሚሠራ የቤት አየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ሲገባ ሰፈሩ አንድ አውቶቡስ ተከራየ፤ ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ ተባለ፤ ሀብቶም በሚቀጥለው እከተልሻለሁ ብሎ ቀረ። እሷ በመተማ አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። ከዓመታት በፊት የተጀመረው የስደተኝነት ኬዟ ደርሶ አትላንታ ስትመጣ ሀብቶም ከጠፋ አሥራ አራት ወር ሆኖት ነበር። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማነው። ያን ቀን ቢሮው የሰጠን ስሟን፣ አድራሻዋንና ቅዳሜ በሁለት ሰዓት መጋዘን ሥራ እንደምትገባ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሥራዋ በፊት እንድረስባት ብለን ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሄድን። ከዚያ ቅዳሴ ልንሄድ ስለነበር እትዬ አሰፋሽና እኔ ነጠላ ለብሰናል። ጋሽ ዘገዬ ጥቁር ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን አድርገዋል። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ በጨርቅ ይዘናል። ደረጃውን ስንወጣ ማናችንም ምን እንደምንመስል አላሰብንም። ስንት ዓመት መርዶ ስናደርስ የኖርን ሰዎች፣ ያቺን ያህል ነገር ማሰብ አቃተን።

በሩ ተከፈተ። ርብቃ መጀመሪያ ነጠላችንን አየች፣ ቀጥላ ካፖርቱን፣ ቀጥላ ዳቦውን። ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁት።

«ሀብቶም ነው?» አለች።

ጋሽ ዘገዬ ፈጥነው፣ ምንም የለም፣ እንዲሁ ልናይሽ ነው የመጣን አሏት። ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም። መርዶ አርጂ ሁሉ በሩ ላይ የሚለው ይህንኑ ነው። ምንም የለም፣ ደህና ነው፣ እንዲሁ ነው፣ ግቢ እስቲ ተቀመጪ። ርብቃ መሬት ላይ ወደቀች። እኔ ደግሞ ላነሣት ጎንበስ ብዬ «ማንም አልሞተም» አልኩ፤ የባሰ ጮኸች። በሠለጠንነው መሠረት ማን እንደሆንን ልነግራት ሞከርኩ። ከቢሮ ነው የመጣነው ስላት ቢሮው ሰምቶ የላከን መሰላት። ጎረቤት በር ከፍቶ ያያል። ባልተናገርነው መርዶ ደረቷን ስትመታ ቆመን አየናት።

እውነቱን መናገር ቢያስፈልግ እንኳ ሀብቶም በሕይወት አለ ልንላት አንችልም። አናውቅማ።

እትዬ አሰፋሽ ነጠላቸውን ከላያቸው አውርደው አጣጠፉና ደጅ ጣሉት። እንደ ሕፃን ጉልበታቸውን አጥፈው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው አዞሩት።

«ስሚኝ ልጄ። ሞቷል ብዬ አልመጣሁም። አለ ብዬም አልመጣሁም። የማውቀው ነገር የለም። ስለ አንቺ እንኳ ከስምሽ በቀር አላውቅም።»

ርብቃ እያቃሰተች ዓይናቸውን ታያለች።

«ከዛሬ ጀምሮ አውቄ የምደብቅሽ ነገር አይኖርም። የሰማሁ ቀን፣ በሰማሁበት ቀን እነግርሻለሁ። ሳልነግርሽ ከመጣሁ አልሰማሁም ማለት ነው። ይህን ቃሌን ያዢ።»

ሚካኤላ አታድርጊ ያለችው ነገር በሁለተኛው ደቂቃ ተደረገ።

ርብቃ ያን ቀን ሥራ አልገባችም። እኛም ቅዳሴ አልሄድንም። ስትረጋጋ እትዬ አሰፋሽ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህችው ሰዓት እንደሚመጡ ነገሯት። ጋሽ ዘገዬ ልጅቷ በእኛ ደንግጣ ሳለ በዚያው ሰዓት መመለስ ጭካኔ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ። እትዬ አሰፋሽ ግን ሰው ጠዋት በሯ ላይ ሲቆም ሞት ማለት እንዳልሆነ እስክትለምድ እንደሚመጡ፣ መቶ ቅዳሜ ቢፈጅም እንደሚመጡ ተናገሩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው ስለ ወንድማቸው የነገሩኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ታናሽ ወንድማቸው ኋላ ቀረ። እሳቸው ከገዳሪፍ ካምፕ ወደዚህ ከመጡ በኋላ መሞቱ ተሰማ። የሰሙት ሰዎች ግን እስክትደላደል ብለው ደበቋቸው። ደብዳቤ ሲጽፉ ወደ አገር የሚሄድ ሰው አለ ብለው ይቀበሏቸዋል።

«አራት ዓመት ለሞተ ሰው ደብዳቤ ጻፍኩ» አሉ። «አዝነውልኝ ነው። ማዘናቸውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።»

እነዚያን ቅዳሜዎች አሁን ሳስባቸው የሕይወቴ ደጎቹ ቀኖች ይመስሉኛል። መጀመሪያ ላይ ግን እንደዚያ አልነበሩም። ርብቃ ሰላም ከማለቷ በፊት በበሩ ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ ታየናለች። ከከፈተችም በኋላ የእያንዳንዳችንን ፊት በየተራ ትመረምራለች። እትዬ አሰፋሽ ነጠላ ከለከሉን። እሳቸው ራሳቸው የልጅ ልጃቸው ትታው የሄደችውን፣ ደረቱ ላይ ዳክዬ የተሳለበት ቢጫ ሹራብ ለበሱ። ጋሽ ዘገዬ ካፖርታቸውን በግድ አስቀምጠው ቀይ የቤዝቦል ኮፍያ አደረጉ።

«ዘገዬ፣ አሁን ገና ሰው መሰልክ» አሏቸው እትዬ አሰፋሽ።

«አንቺ ደግሞ ዳክዬ።»

በስድስተኛው ቅዳሜ ርብቃ በቀዳዳው ሳታይ ከፈተች።  እትዬ አሰፋሽ ሻዩን መጀመሪያ ለእሷ ቀዱላት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ርብቃ ቀድማ ተነሥታ ፉል ትሠራልን ጀመር፤ እንደ ካርቱሞቹ በሰሊጥ ዘይት። ጋሽ ዘገዬ ጨው በዛ ዘይት በዛ እያሉ ሁለት ሳሕን ይበላሉ። ጋሽ ዘገዬ በምላሹ የአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ውስጥ መንዳት ያስተምሯታል። እኔና እትዬ አሰፋሽ በረንዳው ላይ ሆነን እናያለን። አሮጌዋ ካምሪያቸው እንደ ሰከረ ሰው ትሄዳለች። ጋሽ ዘገዬ ኮፍያቸውን ይዘው ፍሬን፣ ፍሬን ሲሉ እስከ ላይ ይሰማል። አንድ ቀን ርብቃ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ፓርክ አደረግኩ!» አለችን። መኪናው ሁለት ቦታ ይዞ በአግድም ቆሟል። እትዬ አሰፋሽ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ስለ ሀብቶም እኛ አንጠይቅም፤ እሷ ግን እየቆየች ማውራት ጀመረች። ካርቱም በጣም ይሞቅ እንደነበር፣ ሀብቶም ለደንበኛ ማቀዝቀዣ ሲጠግን የውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ አንድ እፍኝ ናና ይጨምር እንደነበር ነገረችን። ማሽኑ ሲነሣ ቤቱ ሁሉ የናና ነፋስ ይነፍስበታል። ሰዎች ያልተበላሸውን ሁሉ ተበላሸ እያሉ ይጠሩታል። ይህን ስትነግረን በኃላፊ ጊዜ ታወራለች፣ ከዚያ ትደነግጥና ወደ አሁን ትመልሰዋለች። ይጨምር ነበር፤ ይጨምራል። እትዬ አሰፋሽ አላረሟትም። ሁለቱንም እንደ ነገረቻቸው ተቀበሏት።

ሚካኤላ አንድ ሁለቴ መጥታ ነበር። አንዱን ቅዳሜ ፉሉን እየበላች ቃል የተገባው ነገር አሁንም እንደሚያስፈራት ነገረችን። የሚመጣውን ማን ያውቃል አለች። ትክክል ነበረች።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ዘገዬ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ባለው የበርበሬና የእንጀራ መሸጫ ኑልኝ አሉን። ከሱቁ ጀርባ ጤፍ የተደረደረበት ክፍል ውስጥ ቆመው ጠበቁን። ኮፍያቸውን አውልቀዋል። እትዬ አሰፋሽ ገና ከበሩ፣ «ሞተ?» አሉ።

ሀብቶም ከካርቱም ከወጣ በኋላ ማዳኒ ከተማ ቆይቶ፣ እዚያም ጦርነቱ ሲደርስ ወደ ከሰላ ሄዶ ነበር። ከሰላ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ገባ፤ አልተነሣም። ሦስት ወር ሆኖታል። የአጎቱ ልጅ ነው ቀብሮት ስልክ ሲያፈላልግ ጋሽ ዘገዬ ጋ የደረሰው። እትዬ አሰፋሽ መቼ እንደተደወለ ጠየቁ። ጋሽ ዘገዬ ረቡዕ ማታ አሉ።

እትዬ አሰፋሽ ጤፉ ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ዘገዬ ያሰቡትን አስረዱ። ክፋት አልነበረበትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ኦፍ ነው፤ አርባ ሰው ይዞ መሄድ ይቻላል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ልጅቷ ጾም ላይ ናት፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ቆማ ሠርታ ነው የምትመለሰው። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ማን ይይዛታል? ማን ያድርላታል? ይህን ሁሉ ያስተማሩን እትዬ አሰፋሽ ራሳቸው አይደሉም ወይ?

«ነገ ቅዳሜ ነው» አሉ እትዬ አሰፋሽ።

ጋሽ ዘገዬ ነገ እንደ ልማዳችን ሄደን፣ ሻያችንን ጠጥተን እንድንመለስ ሐሳብ አቀረቡ። ያም ካልሆነ ታመምኩ ብለው እንዲቀሩ።

«ሄጄ ምን ፊት ይዤ ልቀመጥ? ብቀርስ፣ መቅረቴ አይነግራትም?» ተነሡ። «ቅድስት፣ መኪናውን አምጪ» አሉኝ።

መንገድ ላይ ሚካኤላ ጋ ደወልኩ፤ ርብቃ ሙሉውን የማወቅ መብት እንዳላት፣ ብቻዋን እንዳንተዋት፣ እሷም ከሥራ እንደወጣች እንደምትመጣ ነገረችኝ። ለእትዬ አሰፋሽ ስነግራቸው፣ «ይቺ ልጅ አንዳንዴ ሰው ናት» አሉ። በዚያ ቀን የቀለዱት እሱን ብቻ ነው። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው መንገዱን ያያሉ። ካወቅኳቸው ጀምሮ ፈርተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ለመርዶው አይመስለኝም፤ መቶ ጊዜ አድርሰዋል። ልጅቷ በአምስት ወር የሰጠቻቸውን እምነት በአንድ ቀን እንዳያጡት ነው የፈሩት። ጋሽ ዘገዬ በራሳቸው መኪና ከኋላችን ይከተላሉ።

ርብቃ ገና ከሥራ አልተመለሰችም። እትዬ አሰፋሽ ደረጃው ሥር፣ የመጨረሻው እርከን ላይ ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። ጋሽ ዘገዬ መኪናቸው አጠገብ ቀሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡሱ ከቢውፈርድ ሀይዌይ ጥግ ቆመና ርብቃ ወረደች። በአንድ እጇ የሽንኩርት ከረጢት፣ በሌላው አንድ ክምር ናና ይዛለች። ለነገው መሆኑ ነው። ፓርኪንጉን አቋርጣ ስትመጣ አየችን። መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ እርምጃዋ ዘገየ። ቀረብ ብላ ቆመች።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አለች።

«አዎ ልጄ» አሉ እትዬ አሰፋሽ። «ዓርብ ነው።»

አልጮኸችም። ከረጢቱን አስቀመጠች። ናናውን ግን አልለቀቀችም። መጥታ እርከኑ ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ሙሉውን ይንገሩኝ።»

ነገሯት። እጇን ይዘው፣ የባሏን ስም ከነአባቱ ጠርተው፣ ከሰላን፣ ትኩሳቱን፣ ሆስፒታሉን፣ የቀበረው ሰው ስሙን የሚያውቅ የአጎቱ ልጅ መሆኑን፣ ሦስት ወር መሆኑን። አንድም ነገር አላስቀሩም። ርብቃ እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች፤ የመንገድ አቅጣጫ እንደሚነገረው ሰው።

«እርስዎ መቼ ሰሙ?»

«ዛሬ። ስምንት ሰዓት ላይ።»

ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን አየች። ከሰሙ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ያን ጊዜ ጋሽ ዘገዬ ከመኪናቸው አጠገብ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ባይናገሩ ኖሮ እኛም አንናገርባቸውም ነበር።

«እኔ ግን ከረቡዕ ጀምሮ አውቃለሁ» አሉ።

ርብቃ ቀና ብላ አየቻቸው። «ሐሙስ ደውለው ስለ ላይሰንስ ፈተናው ጠየቁኝ።»

«አዎ።»

«አሳቁኝም።»

«አዎ።»

 ፊቷን ወደ እትዬ አሰፋሽ ትከሻ አዙራ ማልቀስ የጀመረችው ከዚህ በኋላ ነው። ደረጃው ላይ፣ ገና ሳይመሽ፣ ጎረቤት እየወጣ እየገባ አለቀሰች። እትዬ አሰፋሽ ሀብቶምን በሙያው እየጠሩ አለቀሱለት፤ የሰው ቤት ያቀዘቀዝክ፣ በሐሩር አገር ነፋስ የሠራህ እያሉ። አይተውት የማያውቁትን ሰው እንደ ራሳቸው ወንድም አለቀሱለት። ለየትኛው እንደሆነ እኔ አልጠየቅኩም።

ጋሽ ዘገዬ ወደ መኪናቸው ተመልሰው ስልካቸውን አወጡ። እንዴት እንዳደረጉት አላውቅም። ዓርብ ማምሻ ትራፊክ ከሊቶኒያ እዚያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ግን ሰው መጣ። የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ሺፍቱን ለሌላ ሰው ለውጦ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት እንዳወጣ ይዞ መጣ። ሚካኤላ ብርድ ልብስና ውኃ ተሸክማ መጣች፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ አንድም ነገር ሳትናገር አመሸች። ቤቱ ሞላ፣ ኮሪደሩ ሞላ። ጋሽ ዘገዬ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመው መኪና እዚህ ጋ አቁሙ፣ እዚያ ጋ አቁሙ ሲሉ አመሹ። ወደ ላይ ግን አልወጡም። አንዴ ወርጄ ይግቡ እንጂ ብላቸው፣ አልተጠራሁም አሉኝ።

ለአዳር ሦስታችን ቀረን። ርብቃ ፍራሽ ላይ ጋደም አለች፤ እትዬ አሰፋሽ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። ሊነጋጋ ሲል ነቅቼ ማታ የቀሩትን ብርጭቆዎች ሳጥብ በሩ ተንኳኳ። ደነገጥኩ። ሰዓቱን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ነው። ልከፍት ስል ርብቃ ከፍራሹ ተነሣች።

«እኔ እከፍታለሁ» አለች።

በቀዳዳው አላየችም። ጋሽ ዘገዬ ናቸው። ትናንት የለበሱትን ልብስ ለብሰዋል፤ ፔርሙዙን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ቅዳሜ ስለሆነ መጣሁ አሉ፤ ቀና ብለው አላዩአትም። ርብቃ በሩን ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። እኔ ሳሙና በያዘው እጄ ብርጭቆ እንደጨበጥኩ ቀረሁ። በሩን ብትዘጋባቸው ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«ጋሽ ዘገዬ» አለች፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። «የሚያውቁት፣ ያልነገሩኝ ሌላ ነገር አለ?»

አሰቡ። እውነትም አሰቡ፤ ለማለት ያህል አልመለሱላትም።

«አንድ አለ» አሉ። «የአጎቱ ልጅ መጨረሻ ላይ ስምሽን ይጠራ ነበር ብሎኛል። ያስጨንቅሻል ብዬ ለአሰፋሽም አልነገርኩም።»

ርብቃ ግንባሯን የበሩ ጠርዝ ላይ አስደገፈች።  ጋሽ ዘገዬ አልተንቀሳቀሱም።

«ምን ብሎ?» አለች። «ርብቃ ነው የሚለው፣ ወይስ ሪሪ?»

«ሪሪ ነው ያለኝ።»

ያን ስም እኛ ሰምተን አናውቅም ነበር። ርብቃ እያለቀሰች ከበሩ ገለል አለች፤ መንገድ ለቀቀችላቸው።

«ይግቡ» አለች። «ቀስ ይበሉ፣ እትዬ ተኝተዋል።»

ጋሽ ዘገዬ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ሻዩን በዝግታ፣ ድምፅ ሳናሰማ ቀዳን። እትዬ አሰፋሽ በኩሽናው መብራት ቢጫ ብርሃን ሶፋው ላይ እጃቸውን አጣምረው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው ተኝተዋል። ርብቃ ሚካኤላ ያመጣችውን ብርድ ልብስ ከፍራሿ አንሥታ እግራቸው ላይ ጣለችላቸው።